ዝናብ የማያመጣው ኖራ

ሰኔ 9 ቀን

ለተከበሩ የአጎቴ ልጅ፣ ለጋሼ፤

ይህ ወረቀት ጉልበትዎ ጸንቶ፣ ደጅዎ ሰላም ሆኖ ያግኝልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ሥራዬም ያው ነው፤ በትልቁ የሕዝብ መዋኛ አዳራሽ ውሃ እየቀዳሁ፣ ጠብታ እያንጠባጠብኩ ቁጥር እጽፋለሁ። ሰው ይዋኛል፣ እኔ ውሃውን አነባለሁ።

የጻፍኩልዎ ስለ ቤቱ ነው። ክረምቱ ገብቷል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ያችን ገንዳ ያስቆፈራት ጡረታ ስንወጣ ልንዋኝባት ነበር። እሱ አልደረሰባትም፤ እኔም ገና ነኝ። እስክመጣ ድረስ ቤቱንም ውሃዋንም ለእርስዎ አደራ ሰጥቻለሁ። በበጋ ብዙ አታስቸግርም። ዝናብ ግን ሌላ ነው። የዝናብ ውሃ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ለገንዳ ደግ አይደለም። ክሎሪኑን ያቀጥነዋል፤ ከጣሪያና ከቅጠል ያጠበውን እድፍ ይዞ ስለሚገባም የተረፈውን ክሎሪን ያስበላዋል። በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት ስላለው ፒኤች የሚባለውን ቁጥር ወደ ታች ይጎትታል። በራሱ ኖራ ስለሌለበት ገንዳው ውስጥ ያለውን ኖራም ያሳሳዋል። ሦስት ቀን ችላ ካሉት አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

በዕቃ አቅራቢው በኩል የውሃ መመርመሪያ ሳጥን ልኬያለሁ። ለፒኤች አምስት ጠብታ ይጨምራሉ፤ ውሃው ቢጫ ከሆነ ቁጥሩ ወርዷል፣ ከቀላ ወጥቷል። ለኖራው ደግሞ ከቀይ ወደ ሰማያዊ እስኪዞር ጠብታውን ይቆጥራሉ። ዕድሜ ልኩን የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ለኖረ ሰው ይህ ጨዋታ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ለክተው ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። "ገንዳው ደህና ነው" ብለው አይጻፉልኝ። ከዚያ አገር "ደህና ናት" እየተባለ ስንት ጊዜ እንደተጻፈልኝ እርስዎም አይዘነጉትም። ቁጥሩን ብቻ።

አክባሪዎ፣ የአጎትዎ ልጅ


ሰኔ 27 ቀን

ለእህቴ፣ በሰው አገር ለምትደክሚው፤

እግርሽን ከእንቅፋት፣ እጅሽን ከዚያ ከምትነካኪው መድኃኒት ይሰውርልኝ። እኛ አለን።

ሳጥኑ ደርሷል። ስከፍተው እነዚያ ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረው ሳይ በስተርጅና ፋርማሲ የከፈትኩ መሰለኝ። ዝናቡ ግን ዕረፍት አልሰጠንም። ሰማዩ እንደ አሮጌ ከረጢት ከታች ተቀዶ ነው የሚዘንበው። ገንዳው ሁለት ጊዜ ሞልቶ ፈሰሰ፤ በትርፍ ማስወጫው በኩል እየለቀቅኩት ነው። ቅጠሉን በየጠዋቱ በመረብ እለቅማለሁ።

እንዳዘዝሽው ቁጥሩ ይኸው።

የመጀመሪያው ሰኞ፦ ፒኤች 7.4፣ ኖራ 18 ጠብታ።

ሁለተኛው ሰኞ፦ ፒኤች 7.8፣ ኖራ 24 ጠብታ።

ክሎሪኑ አልበቃንም። ዛሬ ብጨምር ነገ ተነገ ወዲያ ውሃው ይደፈርሳል፤ ግድግዳውም ያንሸራትት ጀምሯል። ይህ ገንዳ እንደ ባለዕዳ ነው፤ የሰጡትን ሁሉ ውጦ "ምን ሰጣችሁኝ" ይላል። ሌላ ባልዲ አስላኪልን። በዚያው ደግሞ አቅራቢው ካለው አራት ቅጠል ቆርቆሮ ይጨምርልን። ለፓምፗ መከለያ ነው፤ ዝናቡ አስፈራኝ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ወንድምሽ


ሐምሌ 10 ቀን

ለጋሼ፤

ከቤትዎ በረከት አይጥፋ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ቁጥሮቹ አልጣሙኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘነበ ይሉኛል፤ ፒኤቹ ግን መውረድ ሲገባው ወጥቷል፣ ኖራው መሳሳት ሲገባው ጨምሯል። ዝናብ ኖራ አያመጣም ጋሼ። ሰማይ ላይ ኖራ የለም። ሰው በጠራራ ፀሐይ ሄዶ ልብሱ ረጥቦ ቢመለስ የት ነበርክ ይባላል እንጂ ዝም ተብሎ እራት አይቀርብለትም።

ክሎሪኑም ካሰብኩት ሦስት እጥፍ ሄዷል። እኔ በምሠራበት አዳራሽ በቀን ስድስት መቶ ሰው ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚዋኝ የለም ብዬ ነው የማስበው። የለም አይደል?

ደግሞስ አራት ቆርቆሮ ለአንዲት ፓምፕ? ፓምፗን የመረጥኳት እኔ ነኝ። አንድ ጃንጥላ ይበቃታል።

ሌላም አለ። ደብዳቤው በእርስዎ እጅ ተጽፏል፤ ቁጥሮቹ ግን የእርስዎ አይደሉም። የእርስዎ 7 እንደ ከዘራ ቀጥ ያለ ነው። ይኸኛው ወገቡ ላይ ሰረዝ አለበት። ማን ነው የጻፈው?

ክሎሪኑ ይደርስዎታል። ቆርቆሮው ይቆይ።

አክባሪዎ


ሐምሌ 24 ቀን

ለእህቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ቅር ብሎኛል፤ ቢሆንም ሰላምታ አላጓድልም፤ ያሳደጉን ሰዎች እንደዚያ አላስተማሩንም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ግቢ ለግቢ እየዞርኩ ቆጣሪ አንብቤያለሁ። ውሻ ነክሶኛል። የቆጣሪ ክዳን ስከፍት እባብ ተጠቅልሎ አግኝቻለሁ። "ትንሽ ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ" ብሎ የለመነኝ ሰው ብዛቱን አልነግርሽም። ክዳን ሳልከፍት የጻፍኩት ቁጥር ግን የለም። አሁን ጥርሴ ካለቀ በኋላ ለአንድ ገንዳ ብዬ ልዋሽ?

የጽሑፉ ነገር እንዲህ ነው። ዓይኔ ቀይና ቢጫን መለየት ከተወ ሁለት ዓመት አለፈው። ትሰጊያለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ስለዚህ ቀለሙን ዓይን ያለው ሰው ያነብልኛል፤ ያነበበውም ይጽፈዋል። የሚዋኝ ግን የለም፤ እንቁራሪት ካልቆጠርሽ በስተቀር።

ባለፈው ሰኞ ፒኤቹ 8.2፣ ኖራው 31 ጠብታ ነበር። አልወደድኩትም፤ አንቺም አትወጂውም። ግን ያየነውን ነው የጻፍነው።

አሁን እኔም ልጠይቅሽ። ማክሰኞ ዕለት አንድ ደላላ ሜትር ይዞ መጣ። ጫማውን ሳይጠርግ በረንዳው ላይ ወጣና ሳሎኑን በዓይኑ ይለካው ጀመር። ማነህ ብለው ባለቤቷ ታውቃለች አለኝ። ወደ ጓሮ ልለፍ ሲል አላሳለፍኩትም። ቤቱን ልትሸጪው ነው? ንብረቱ ያንቺ ነው፤ ከልካይ የለሽም። ግን ስምንት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ከደላላ አፍ መስማት ይከብዳል።

ወንድምሽ


ነሐሴ 3 ቀን

ለጋሼ፤

ጤናዎን ያብዛልኝ። ስለ ሰውየው ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ቁጥሩን እውነት ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ስለተቀበልኩም ነው እንቅልፍ ያጣሁት። 8.2 ከሰማይ አይወርድም። ከሦስት ቀን በፊት አንድ ሙያተኛ በአዳራሻችን ግድግዳ ሲለጥፍ የባልዲው እጣቢ ወደ ትንሹ ገንዳ ፈሰሰበት። ስለካው የእርስዎን ቁጥር አገኘሁ። ሲሚንቶ ነው ጋሼ። ያልደረቀ ሲሚንቶ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ነጭ ውሃ ይወጣዋል፤ ያ ውሃ ገንዳ ሲገባ ፒኤቹንም ኖራውንም ይሰቅለዋል። ክሎሪን ደግሞ ፒኤች እንደዚያ ከወጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም። ውሃዎ እየደፈረሰ ባልዲው የሚያልቀው ለዚህ ነው። እኔ ዕቃው እየተሸጠ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ለዚያ ይቅር ይበሉኝ።

ለሌላው ግን መልስ እፈልጋለሁ። እኔ ሳላውቅ ከገንዳዬ አጠገብ ሲሚንቶ ተቦክቷል። ቆርቆሮው ለጣሪያ እንደነበረም ገብቶኛል። ምን ተሠራ? ማን ይኖርበታል?

ይህ እንደደረሰዎ ይመልሱልኝ።

አክባሪዎ


ነሐሴ 29 ቀን

ለእህቴ፤

ቁጣሽን ያብርድልኝ፤ ልቤንም ያጽናልኝ። ዘገየሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ።

ሰኔ 12 ቀን ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው ታናሽ እህትሽ ናት። የልብስ ስፌት መኪናዋን በላስቲክ ጠቅልላ በጋሪ ላይ አስጭናለች፤ እሷ ራሷ ግን ውሃ ከፀጉሯ እየተንጠፈጠፈ ቆማለች። የተከራየችው ቤት ከዳገቱ ሥር ነበር፤ ጎርፉ የኋላውን ግድግዳ ገፍቶ ጣለው። አልጋዋ የት እንደደረሰ እንኳ አልታወቀም። "ጋሼ፣ መኪናዬን ብቻ ያስቀምጡልኝ፤ እኔ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ" አለችኝ። ስንቱን በቃሬዛ የሚያወጣ ዝናብ እየዘነበ የት ትሄዳለች?

ቤትሽ ውስጥ አላስተኛኋትም። ቃልሽን ሰምቻለሁ፤ በቁሜ እያለሁ እግሯ ደጄን አይረግጥም ብለሻል። ዕቃ ቤቱ ደግሞ ያፈሳል። ስለዚህ ከገንዳው ዳር፣ ግቢው ውስጥ ሜዳ የሆነው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በብሎኬት አንዲት ክፍል አቆምኩ። እኔው ደረደርኩት፤ እሷ ሲሚንቶውን አቦካች። በደረቅ ቀን ይመረጋል ብዬ ነበር፤ ዝናቡ አላስደረቀንም። ከምርጉ ነጭ ውሃ እየወረደ በንጣፉ ላይ ወደ ገንዳው ሲሄድ አየሁት፤ ያን ያህል ጣጣ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም። ጣሪያው እስካሁን ላስቲክ ነው።

ቀለሙን የምታነበው እሷ ናት። ክር ስትለይ የኖረች ዓይን ናት፤ ሮዝና ቀይ አይሳሳትባትም። ቁጥሩንም የምትጽፈው እሷ ናት። ስሜን አያንሱ ስላለችኝ ዝም አልኩ። በሁለት እህትማማቾች መካከል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ይገፋል፤ እኔን ያገኘኝ እሱ ነው።

የፈለግሽውን ፍረጂ።

ወንድምሽ


መስከረም 8 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

እናቴ አራት ወር ታመመች። አራት ወር ሙሉ ያቺ ልጅ በየወሩ "እናታችን ደህና ናት፣ ትስምሻለች" እያለች ጻፈችልኝ። በአራተኛው ወር ስልክ ደወለች፤ "ትናንት ቀበርናት" አለችኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ። እጄ ላይ የመመርመሪያ ብርጭቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ አላነሳም፤ ደህና የሚል ቃልም አላምንም። ይህን ሁሉ እያወቁ ከእኔ ደበቁኝ። እንደ እሷ እውነቱን የደበቀኝ ሁለተኛ ሰው ሆኑብኝ።

ቤቱን እየሸጥኩት ነው። ገዢ ተገኝቷል፤ መስከረም 17 ቀን ከደላላው ጋር ይመጣል። የገንዳው ወለል ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው ማየት ስለሚፈልግ ውሃውን ሙሉ ለሙሉ ይልቀቁለት። ክፍሉም ከዚያ በፊት ይፍረስ።

የእርስዎን ማረፊያ አስብበታለሁ። የእሷን እሷ ታስብበት።


መስከረም 21 ቀን

ለእህቴ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያራራው። ለመልካሙም ለክፉውም የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሻለሁ።

ክፍሉን ማፍረስ አልቻልኩም። መዶሻውን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩት። ውሃውን ግን አዘሻልና ልለቅ ተነሳሁ። ገዢው መጣ፤ ወፍራም፣ ትሁት ሰው ነው። ደላላው ጃንጥላ ይዞለታል። እየዘነበ ነበር፤ መሬቱ ጠግቦ የረገጥሽበት ቦታ ሁሉ ውሃ ይተፋል። የታችኛው መክፈቻ ላይ እጄን አሳረፍኩ። እህትሽ ከክፍሏ ወጣች፤ መርፌ ደረቷ ላይ ተሰክቶ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ። ቀጥ ብላ መጣችና እጇን እጄ ላይ ጫነች።

"ጋሼ፣ አይክፈቱት።"

ደላላው የቤቱ ባለቤት አዛለች አላት።

"ባለቤቷ እዚህ ቆማ መሬቱን ብታየው አትከፍተውም" አለችው። "ውሃ የምታውቅ ሰው ናት።"

ሰውየው ስንጥቅ ልትደብቁብኝ ነው ብሎ ጠረጠረ። ሊፈረድበት አይችልም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። እሷ አልተከራከረችም። ተከተሉኝ ብላ በዝናቡ ከእኛ ቀጥሎ ወዳለው መንገድ ወሰደችን። ለአንዲት ደንበኛዋ ቀሚስ ልታደርስ ስትሄድ ያየችው ነገር ነበር። ያ ግቢ ውስጥ ባለቤቱ አረንጓዴ የሆነ ገንዳውን ሊያጥብ ብሎ በነሐሴ ባዶ አደረገው። ከሥር ያለው መሬት ውሃ ሞልቶት ነበርና ባዶውን ገንዳ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ገፋው። ክንድ ያህል ከመሬት ወጥቶ ቆሟል። ንጣፉ ተሰነጣጥቋል፣ ቧንቧው ተበጥሷል፣ ከጎኑ ያለው የቤቱ ግድግዳም አብሮ ተከፍሏል። ገዢው ኮፍያውን አውልቆ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ገንዳው በውሃው ክብደት ነው የሚቀመጠው አለችው። ከዚያ ሰውየው ለደላላው ክረምቱ ይውጣና እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

የእኛ ገንዳ ከሳሎኑ ግድግዳ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ልነግርሽ የማይገባኝን ልንገርሽ፤ ብታውቅ ትቀየመኛለች። በዚያ በሕመሙ ጊዜ እኔም አልጋው አጠገብ ነበርኩ። እናትሽ እጇን ይዛ አስምላታለች። "ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ ከመጣች መመለሻ የላትም። ደህና ናት ብለሽ ጻፊ" አለቻት። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር የምትጽፈው። ስድስት ዓመት ሙሉ የእናቷን ቃል ከሰው ፊት አውጥታ ራሷን አልተከላከለችም። እኔም ፈሪ ሆኜ ዝም አልኩ። በደለኛ ካስፈለገሽ እኔ አለሁልሽ።

የሰኞው ቁጥር፦ ፒኤች 7.9፣ ኖራ 29 ጠብታ።

መኪናዋን ጠቅልላለች። እስከ ጥቅምት አጋማሽ በየሰኞው ለክቼ እሄዳለሁ ትላለች።

ወንድምሽ


ጥቅምት 4 ቀን

ለጋሼ፣ ለአጎቴ ልጅ፤

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ይህን በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ፤ ከመሄዷ በፊት እንዲደርስ።

ደብዳቤዎን በአዳራሹ የክሎሪን ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ፣ በባልዲዎቹ መካከል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የሥራ ባልደረባዬ ውሃው ተለካ ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ አልሰማኋትም።

አስቀድሜ የእኔን ጥፋት ልናገር። በክረምት፣ መሬት ጠግቦ ሳለ ገንዳ ባዶ አይደረግም። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምረው እኔ ነኝ። እሷን ከግቢዬ ለማስወጣት ስቸኩል ግን በገዛ እጄ ልቀቁት ብዬ ጻፍኩ። ባትከለክልዎ ኖሮ የሳሎኑን ግድግዳ ይዞት ይነሳ ነበር።

ሁለተኛውን ጥፋት እርስዎ አያውቁትም። ቁጥሩን ማን ጻፈው ብዬ ስጠይቅዎ መልሱን አውቀው ነበር። በልጅነታችን በአንድ ደብተር ስንማር ያንን 7 ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከ1 ጋር እየተምታታባት ታለቅስ ነበር። በሰኔው ደብዳቤ ላይ እንዳየሁት አወቅኩት። ደላላውን የላክሁት በማግስቱ ነው። እኔ ያላወቅኩ መስዬ፣ እርስዎም እንደሌለች አስመስለው፣ ሁለታችንም ክረምቱን ሙሉ ስንዋሽ ከረምን። እውነቱን ሲጽፍ የከረመው የእሷ ቁጥር ብቻ ነው።

ደላላውን ተወው ብዬዋለሁ። ቤቱ አይሸጥም።

ስለ እናቴ የጻፉትን ገና አልጨረስኩትም። አንብቤዋለሁ፤ አልጨረስኩትም። ሐሰት ነው አልልም። እናቴን አውቃታለሁ፤ እንደዚያ ትላለች። ይቅር ብያታለሁ ብዬ ብጽፍ ግን ያው ደህና ነኝ ብሎ እንደመጻፍ ይሆንብኛል።

ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ። ቆርቆሮው ሐሙስ ይደርሳል፤ ስድስት ቅጠል ነው፣ ከነአሸንዳው። የክፍሉን የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ወደ መንገዱ ያውርዱት፤ ወደ ገንዳው አንድ ጠብታ አይሂድ። በንጣፉና በግድግዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ቦይ ይቁረጡ። ፒኤቹን ለማውረድ አሲድ ይመጣል፤ ፓምፗ እየሠራች በትንሽ በትንሹ፣ በየቀኑ። ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስሱ። እርስዎ አይንኩት፤ ዓይን ያላት ሰው ትሥራው።

ኅዳር 20 ቀን እመጣለሁ። ሦስት ሳምንት ፈቃድ አግኝቻለሁ። ምን እንደምላት አላውቅም፤ እርስዎም አስቀድመው አያለማምዷት። ሊቀበሉኝ አይውጡ፤ ጓሮ ይቆዩልኝ። በሩን እሷ ትክፈትልኝ። ቶሎ ባትከፍትም ግድ የለም፤ አንኳኩቼ እቆማለሁ።

አክባሪዎ